ባለ 10 ቀኑ የቻይና የቡድን ጉብኝት ሲመዘን፦ ቤጂንግ፣ ሺያን፣ ጉይሊን፣ ሻንጋይ

ቤጂንግ ሦስት ሌሊት፣ ሺያን ሁለት፣ ጉይሊንና አቅራቢያዋ ያለችው ያንግሹዎ ሁለት፣ ሻንጋይ ሁለት። ቻይናን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው የሚሸጠው የቡድን ጉዞ በአብዛኛው ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ መንገዱ ጥሩ ነው። ቋንቋውን ለማያውቅና የትኬት ምዝገባውን በራሱ ለማይችል ሰው በቡድን መሄዱ ያዋጣል። ነገር ግን ሁለት ወኪሎች በእነዚሁ አራት ከተሞች የሚሸጡት ጉዞ አንዱ እውነተኛ ጉብኝት፣ ሌላው የአሥር ቀን የአውቶቡስ ጉዞ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱን ለማወቅ የፕሮግራሙን ወረቀት ማንበብ መቻል ያስፈልጋል።

የቻይና የጉዞ ድርጅቶች ፕሮግራም ሲጽፉ ሦስት ቃላትን ይለያሉ። «ሩ ኔይ» ማለት ትኬት ተቆርጦ ወደ ውስጥ መግባት ነው። «ዋይ ጓን» ከውጭ ቆሞ አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ ነው። «ቱ ጂንግ» ደግሞ አውቶቡሱ በአጠገቡ ያልፋል ማለት ነው። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ግን ሦስቱም «ይጎበኛል» በሚል አንድ ቃል ይጠቀለላሉ። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት በእያንዳንዱ ቦታ አጠገብ ሁለት ነገር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፦ የመግቢያው ትኬት ተካቷል ወይ? በቦታው ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል? መንገዱ ሳይቆጠር ማለት ነው። ይህን በጽሑፍ ለመስጠት የሚያንገራግር ወኪል ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ዋጋው በጣም ሲረክስ ሂሳቡን ራስዎ ይሥሩት። ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው ወቅት የተከለከለችው ከተማ መግቢያ 60 ዩዋን፣ የሰማይ ቤተ መቅደስ ሙሉ ትኬት 34፣ ሙቲየንዩ የሚባለው የታላቁ ግንብ ክፍል 40፣ የሺያን የሸክላ ሠራዊት 120፣ የሺያን ከተማ ቅጥር 54 ነው። ይህ ብቻ 308 ዩዋን ይሆናል። ከቤጂንግ ሺያን የሚወስደው ፈጣን ባቡር በሁለተኛ ማዕረግ ከ500 ዩዋን በላይ ያስከፍላል። የዘጠኝ ሌሊት ሆቴል፣ የአገር ውስጥ በረራው፣ የጉይሊኑ የሊ ወንዝ መርከብ፣ አውቶቡሱና የአስጎብኚው ደመወዝ በዚህ ላይ ይመጣል። የተጠየቁት ገንዘብ ይህን ሁሉ እንደማይሸፍን ካዩ ጉድለቱን የሚሞሉት ሱቆች ናቸው፤ ሱቆቹ ደግሞ ገንዘቡን መልሰው የሚያገኙት ከተጓዡ ነው።

የሱቁ ማቆሚያ በስሙ አይጠራም። «የጄድ ባህል ማዕከል»፣ «የሐር ሙዚየም»፣ «የሻይ ሥነ ሥርዓት»፣ «የባህላዊ ሕክምና ተቋም» ይባላል። አንዱ ማቆሚያ ከአንድ ሰዓት በታች አይወስድም፤ የግንቡ መንገድ ላይ የጄድ ሱቅ፣ የሸክላ ሠራዊቱ መንገድ ላይ የሸክላ ፋብሪካ ይጠብቃል። ሁለት ሦስት ማቆሚያ ያለው ጉዞ ይቻላል፣ ቀድሞ ከተነገረ። ካልተነገረ ግን መብትዎን ይወቁ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ የጸናው የቻይና የቱሪዝም ሕግ በአንቀጽ 35 ላይ በማይታመን ዝቅተኛ ዋጋ ሰው ሰብስቦ ከሱቅ ኮሚሽን መብላትን ይከለክላል። በዚህ መንገድ የተሸጠለት ተጓዥ ጉዞው ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲመለስለት የጉዞ ድርጅቱን መጠየቅ ይችላል፤ ገንዘቡን ቀድሞ የሚከፍለውም ድርጅቱ ነው። ደረሰኝ፣ የሱቁ ስምና የፕሮግራሙ ወረቀት በእጅዎ ሊኖሩ ይገባል። ሐር መግዛት የሚፈልግ ሰው ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር መዝዞ ያቃጥል፤ እውነተኛ ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። የፕላስቲክ ክር ግን ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል።

አስጎብኚዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። «ቹዋንፔይ» የሚባለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከቡድኑ ጋር የሚጓዝ አጃቢ ነው፤ «ዲፔይ» በየከተማው የሚቀበል የዚያው ከተማ አስጎብኚ ነው። ታሪኩን የሚያውቀውም፣ ምግብ ቤቱን የሚያዘውም ዲፔዩ ነው። አጃቢ የሌለው ጉዞ ዋጋው ይቀንሳል፣ ችግር የሚፈጠረው ግን በከተማና በከተማ መካከል፣ ባቡር ጣቢያና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ማንም የለም። ዕድሜያቸው ለገፋ ወላጆች የሚገዛ ሰው አጃቢ ያለውን ይምረጥ።

አንድ የእኛ ሰው ብቻ የሚሳሳተው ነገር አለ፤ ሰዓት። የፕሮግራሙ ወረቀት «7:00 መነሻ» ሲል ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው። ከዚህም ሌላ ቻይና ከኢትዮጵያ በአምስት ሰዓት ትቀድማለች። ከአዲስ አበባ በቡድን የሚሄዱ ሰዎች በመጀመሪያው ምሽት ላይ ሁሉም በአንድ አቆጣጠር መስማማታቸውን ያረጋግጡ። አውቶቡሱ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይጠብቅም፤ በአንዳንድ ጎዳናዎች ላይ ቆሞ መጠበቅም አይፈቀድለትም።

ቤጂንግ

የቤጂንግ ጉብኝት የሚለካው በተከለከለችው ከተማ ነው። ከ1406 እስከ 1420 የተሠራ፣ 24 የሚንግና የቺንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት የነገሡበት፣ ከ1925 ጀምሮ ሙዚየም የሆነ ግቢ ነው። የሕዝብ በዓል ካልሆነ በስተቀር ሰኞ ዝግ ነው፤ ቡድንዎ እሑድ ገብቶ ማክሰኞ ከወጣ ፕሮግራሙ ከመነሻው ተበላሽቷል ማለት ነው። በቀን የሚገባው 40,000 ሰው ብቻ ነው። ትኬቱ ከሰባት ቀን በፊት በፓስፖርት ቁጥር ይያዛል፣ በር ላይ አይሸጥም። የቲየንአንመን አደባባይም የራሱ ምዝገባ አለው። ጣጣው የሚመጣው ወኪሉ ጋ ከተመዘገበ በኋላ ፓስፖርቱን ያሳደሰ ሰው ላይ ነው፤ ቁጥሩ ስለተለወጠ በሩ አያሳልፈውም። ፎቶ ኮፒም አይሠራም፣ ዋናው ፓስፖርት በኪስ መሆን አለበት።

አብዛኛው ቡድን በደቡቡ በር ይገባና መሐል መሐሉን ቀጥ ብሎ ሄዶ በአንድ ሰዓት ተኩል በሰሜኑ በር ይወጣል። ይህ አይበቃም፤ ሦስት ሰዓት እንዲሰጥ ይጠይቁ። ጥሩ አስጎብኚ የሚለየው ቀና ብሎ ጣሪያ ሲያሳይ ነው። የታይሄ አዳራሽ ጣሪያ ጥግ ላይ በሰልፍ የተደረደሩ ትናንሽ የሸክላ እንስሳት አሉ። ቢቆጥሯቸው አሥር ናቸው፤ አሥር የተሰጠው ለዚህ የዙፋን አዳራሽ ብቻ ነው። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለው የቺያንቺንግ ቤተ መንግሥት ዘጠኝ አለው፤ የሕንፃው ማዕረግ ሲያንስ ቁጥሩም እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን ያወቀ ሰው ከዚያ በኋላ በመላ ቻይና የትኛውንም ቤተ መንግሥትና ቤተ መቅደስ ከጣሪያው ያነባል። «ግቢው 9,999 ተኩል ክፍል አለው» የሚለው አፈ ታሪክ ነው፤ በ1973 የተደረገው ቆጠራ ያገኘው ወደ 8,700 ክፍል ነው። አስጎብኚው አፈ ታሪኩን እንደ ሐቅ ካወራው ሌላውንም ነገር መርምረው ይስሙት።

በሰሜን ምሥራቅ በኩል የግምጃ ቤቱ ክፍል አለ፤ ተጨማሪ 10 ዩዋን ያስከፍላል፣ በቡድን ፕሮግራም ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አይካተትም። እዚያ ያለው የዘጠኝ ዘንዶዎች ግድግዳ በ270 የሚያብረቀርቁ ሸክላዎች የተገጣጠመ ነው። ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ነጩ ዘንዶ ጠጋ ብለው ሆዱን ይመልከቱ፤ አንዷ ቁራጭ እንደሌሎቹ አታብረቀርቅም፣ ቀለሟም ደብዝዟል። እንጨት ናት። ሸክላዋ በሥራው ላይ ተሰብራ ባለሙያዎቹ ከንጉሡ ቁጣ ለመዳን በእንጨት ቀርጸው ቀብተው ተኳት ይባላል። ለአሥር ዩዋን ከዚህ የተሻለ ነገር ቤጂንግ ውስጥ የለም። ከሰሜኑ በር ማዶ ያለው የጂንግሻን ኮረብታ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ቦይ ሲቆፈር በወጣው አፈር የተሠራ ነው፤ ከላይ ሆኖ የቢጫ ጣሪያዎቹን ባሕር ማየት ከነመውጣት መውረዱ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ቡድኑን ያስማሙና ይውጡ።

የሰማይ ቤተ መቅደስ ላይ የሚያስፈልገው ማለዳ መድረስ ብቻ ነው፤ በጠዋቱ ሽማግሎቹ ታይቺ የሚሠሩበት፣ ካርታ የሚጫወቱበት፣ የሚዘፍኑበት ግቢ ነው። የመከር ጸሎት አዳራሹ 38 ሜትር ቁመት አለው፣ ያለ ምስማር የተገጣጠመ ነው። በውስጡ መሐል ላይ ያሉት 4 ምሰሶዎች የዓመቱን ወቅቶች፣ ቀጥሎ ያሉት 12 ወራቱን፣ የውጭዎቹ 12 ደግሞ የቀኑን ሰዓታት ይወክላሉ፤ እንደ እኛው ሁሉ የጥንት ቻይናውያንም ሰዓትን በአሥራ ሁለት ይከፍሉ ነበር፣ እነሱ ግን ሙሉውን ቀንና ሌሊት ነው። አዳራሹ በ1889 በመብረቅ ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው።

ግንቡን በተመለከተ ትልቁ ውሳኔ የት በኩል የሚለው ነው። ባዳሊንግ ለጎብኚ ቀድሞ የተከፈተውና ሰው የሚበዛበት ነው። ከከተማው 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ሙቲየንዩ 23 ማማዎች ያሉት፣ ዙሪያው ደን የሆነ፣ እፎይ የሚባልበት ነው። ፕሮግራሙ «ታላቁ ግንብ» ብቻ ካለ ባዳሊንግ ነው ብለው ይገምቱና ሙቲየንዩ እንዲሆን ይጠይቁ። ወደ ላይ የሚያወጡ ሁለት መሣሪያዎች አሉ፦ ኬብል ካሩ 14ኛው ማማ ላይ፣ ክፍቱ የወንበር ሊፍት 6ኛው ማማ ላይ ያደርሳል። የሚያስተዳድሯቸው ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ስለሆኑ በአንዱ ደርሶ መልስ ትኬት በሌላው መውረድ አይቻልም፤ ስንቱ ሰው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው ይህን የሚያውቀው። የእኛ ምርጫ ይህ ነው፦ በወንበር ሊፍቱ የአንድ መንገድ ትኬት ቆርጦ 6ኛው ላይ መውጣት፣ ከዚያ ወደ 14ኛው በእግር መጓዝ፣ በኬብል ካር መውረድ። ፎቶውና ዕረፍቱ ተደምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከ6ኛው ማማ በብረት መንሸራተቻ መውረድም አለ፤ ዝናብ ሲጥል ግን ይዘጋል። ከ14ኛው እስከ 20ኛው ያለው አቀበት ነው የሚባል አይደለም፣ ግድግዳ ነው፤ ጉልበቱ የሚያስቸግረው ሰው አይሞክረው። አዲስ አበባ ላይ በ2,300 ሜትር ከፍታ ለሚኖር ሰው ትንፋሽ አያጥረውም። የሚጎዳው የደረጃዎቹ ልክ አለመመሳሰል ነው፤ አንዱ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጣዩ ጉልበት ይደርሳል። ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል።

ምግቡ

ስለ ምግቡ ረዘም አድርገን እንጽፋለን፤ ምክንያቱም የአማርኛ አንባቢ በቻይና ጉዞ ላይ ከሁሉ በላይ የሚቸገረው በዚህ ነው፣ መፍትሔውም ቀላል ነው።

የቡድን ምግብ የሚቀርበው አሥር ሰው በሚይዝ ክብ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ መሐሉ ላይ የሚሽከረከር መስታወት አለ። የተለመደው አቀራረብ ስምንት ወጥና አንድ ሾርባ ነው፤ ሩዙ ዘግይቶ ይመጣል። ቀድሞ እንዲመጣ ካልተነገረ ወጡ ካለቀ በኋላ ሊቀርብ ይችላል። ምግቡ የሚታዘዘው ተጓዦቹ ከመድረሳቸው ቀናት በፊት ነው፣ በነፍስ ወከፍ በተተመነ ዋጋ። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ «ይህን አንበላም» ማለት ዘግይቷል። ጥያቄው ገንዘቡ ሲከፈል በጽሑፍ መግባት፣ በየከተማው ደግሞ ከአውቶቡሱ ሳይወርዱ ለዲፔዩ መደገም አለበት።

ከሁሉ በላይ ማወቅ የሚገባው አንድ ቃል አለ። በቻይንኛ «ሮው» ማለት ሥጋ ነው፤ ነገር ግን የምን ሥጋ እንደሆነ ካልተባለ የአሳማ ነው። የበሬ ሲሆን «ኒዩ ሮው»፣ የበግ ሲሆን «ያንግ ሮው» ይባላል። «ይህ ሥጋ ነው» ተብሎ የቀረበ ሁሉ የአሳማ ነው ብለው ይያዙት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት ቤት ያደገ ሰው በስምንቱ ወጥ ውስጥ ሁለት ሦስቱን አሳማ ሆኖ ያገኘዋል። ከዚህ የባሰው የማይታየው ነው፦ አትክልቱ በአሳማ ስብ ተጠብሶ ሊሆን ይችላል፣ የሻንጋይ ሾርባ ያለበት ዳምፕሊንግ (በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ) ውስጥ ያለው ሾርባ የአሳማ ቆዳ ተቀቅሎ የረጋ ነው፣ አንዳንዱ የባቄላ ጣፋጭ ዳቦም ስቡ ይገባበታል። «ዎ ቡ ቺ ዡ ሮው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በስልክዎ ላይ በቻይንኛ ፊደል አጽፈው ይያዙ፤ የአሳማ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። «ስቡንም» የሚል ያስጨምሩበት።

ለጾመኛ «ቺ ሱ» የሚለው ቃል አለ፤ ሥጋ የሌለበት ማለት ነው። እንቁላልና ወተትን ግን አይከለክልም፣ ኦይስተር ከተባለ የባሕር እንስሳ የሚሠራ ሶስና የዶሮ መረቅም ሳይታሰብ ይገባል። ሁለቱንም ለይቶ መናገር ግድ ነው። የተሻለው መንገድ የቡድሃ መነኮሳት ሥርዓት የሚከተሉ የጾም ምግብ ቤቶች ናቸው፤ ከእንስሳት ሥጋ ሌላ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርትም አይገባባቸውም፣ እንቁላል ስለመኖሩ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤጂንግ ውስጥ በዮንግሄጎንግ ቤተ መቅደስ አካባቢ ይገኛሉ። ለመንገድ ደግሞ የተቀቀለ በቆሎ፣ የተጠበሰ ስኳር ድንችና ለውዝ በየቦታው አለ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ጉዞውን ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ውስጥ ማድረግ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጾምም የለም፣ አየሩም በዚያ ወቅት ጥሩ ነው። ቋንጣና ቅቤ ከቤት ይዞ መሄድ አይታሰብ፤ የሥጋና የወተት ውጤት በቻይና ጉምሩክ ይወሰዳል። ለሙስሊም ተጓዥ «ቺንግ ጄን» የሚል ምልክት፣ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ፣ ሐላል መሆኑን ያሳያል።

የቤጂንግ ዳክዬ በፕሮግራሙ ላይ ካለ ስንት ዳክዬ ለስንት ሰው እንደሆነ ይጠይቁ። ለአሥር ሰው አንድ ከሆነ ቅምሻ ነው፤ ሁለት ሲሆን እራት ይሆናል። በደንብ የተሠራ ዳክዬ ቆዳው ሲቆረጥ ድምፅ ይሰማል። በተንጠልጣይ ምድጃ፣ በፍራፍሬ እንጨት የሚጠበሰው ከ1864 ጀምሮ በቹዋንጁዴ የታወቀው ዓይነት ነው። ሲበላ አንድ ስስ ቂጣ በእጅ ተዘርግቶ ጣፋጩ ጥቁር ሶስ በቾፕስቲክ ጫፍ ይቀባል፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ ሥጋ፣ ቀጭን ኪያርና የሽንኩርት ቅጠል ተጨምሮ ይጠቀለላል። እንጀራ በሚጠቀልል እጅ ቾፕስቲክ ከሚያስቸግረው ፈረንጅ ይልቅ የእኛ ሰው ይህን በፍጥነት ይለምደዋል። ስጋት ያለው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ስቡ ይረጋና ቆዳው ይለሰልሳል። ስለዚህ ፎቶው ይቅርና መጀመሪያ ይብሉ።

ሺያን

ከቤጂንግ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በፈጣን ባቡር ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ትኬቱ ፓስፖርቱ ራሱ ነው። የመሳፈሪያው በር ባቡሩ ከመነሳቱ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል፣ ማንንም አይጠብቅም። የውጭ ዜጋ ፓስፖርት በማሽኑ ካላለፈ ሠራተኛ ወዳለበት መስመር መሄድ ያስፈልጋል፤ ለሃያ ሰው ቡድን ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ከአንድ ሰዓት በፊት ጣቢያ መድረስ ተገቢ ነው።

የሸክላ ሠራዊቱ ከከተማው በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በማርች 1974 ገበሬዎች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኙት፣ በ221 ከክርስቶስ ልደት በፊት ቻይናን አንድ ያደረገው የቺን ሺ ኋንግ የመቃብር ዘብ ነው። የመጀመሪያው ጉድጓድ 230 ሜትር ርዝመትና 62 ሜትር ወርድ አለው፤ በውስጡ ወደ 6,000 የሚጠጉ ወታደሮች እንዳሉ ይገመታል፣ አብዛኞቹ አሁንም አፈር ውስጥ ናቸው። ሆን ተብሎ ነው ያልወጡት። ሲቀበሩ ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ ከቀለሙ ሥር ያለው የላኬር (ከዛፍ ፈሳሽ የሚሠራ ቅብ) ንጣፍ ደረቅ አየር ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቀለልና ቀለሙን ይዞ ይረግፋል።

በሩ ላይ ያለው መድረክ በሰው ይታጨቃል። እዚያ ላይ አይቆዩ፤ በጎን በኩል ወደ ኋላ ይሂዱ። ከጉድጓዱ ጀርባ ባለሙያዎች የተሰበሩትን የሚገጣጥሙበት ሥፍራ አለ፤ ጭንቅላት የሌላቸው፣ በማሰሪያ የተደገፉ፣ ቁጥር የተለጠፈባቸው ወታደሮች በቅርብ ይታያሉ። በሁለተኛው ጉድጓድ በመስታወት ውስጥ ያለውን የተንበረከከ ቀስተኛ በጀርባው ይዙሩና የቀኝ ጫማውን ሶል ይመልከቱ። የተሰፋበት ነጥብ ሁሉ ተቀርጿል፤ ጣቱና ተረከዙ ላይ ተቀራርቦ፣ መሐሉ ላይ ሳሳ ብሎ። መቃብር ውስጥ ማንም ለማያየው ሶል ይህን ያህል የደከመ እጅ ነበር።

የ120 ዩዋኑ ትኬት ሁለት ግቢ ያስገባል፣ ቡድኖች ግን አንዱን ብቻ ያሳያሉ። በ1980 የተገኙት ሁለቱ የነሐስ ሠረገሎች ያሉት በመቃብሩ ኮረብታ በኩል ባለው አዲሱ ሙዚየም ነው፤ ከጉድጓዶቹ በነፃ አውቶቡስ ይደረሳል። ለሁለቱም ግቢ አራት ሰዓት ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ሁለት ሰዓት ካለ ሠረገሎቹ ቀርተዋል ማለት ነው።

ማታ ላይ የሙስሊሞች ሰፈር ነው፤ ለሐላል ተመጋቢ የጉዞው ሁሉ ምርጥ ገበታ ነው። ያንግሮው ፓውሞ የሚባለው ለእኛ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ የበግ መረቅ ፍትፍት ነው። ባዶ ሳህንና ሁለት ደረቅ ያለ፣ በከፊል የቦካ ቂጣ ይሰጥዎታል። በእጅዎ ሽምብራ እስኪያክል ይቆርሱታል፤ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅም አይቸኩሉ። ከዚያ ሳህኑ ወደ ኩሽና ተመልሶ የፈላ መረቅ፣ ሥጋና ቀጭን ኑድል ይጨመርበታል። ቁራሹ ሲተልቅ መሐሉ መረቅ ሳይጠጣ ይደርቃል፣ ሲደቅ ደግሞ ገንፎ ይሆናል። ሲቀርብ አያማስሉት፤ ከዳር ጀምረው በጣፋጭ ኮምጣጤ ከተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርት ጋር ይብሉት። እዚያው ሰፈር ያለው ታላቁ መስጊድ ጉልላት የለውም፤ ቅጥሩም፣ ሚናራውም ሙሉ በሙሉ የቻይና ሥራ ነው።

አንድ ነገር በፕሮግራሙ ላይ ባይኖርም አጥብቀን እንመክራለን። በደቡቡ በር አቅራቢያ ባለው የድንጋይ ጽሑፎች ሙዚየም፣ ቤይሊን፣ በ781 የተቀረጸ የክርስቲያኖች ሐውልት ቆሟል። አናቱ ላይ መስቀል አለ፣ ጽሑፉ በቻይንኛና በሶርያ ቋንቋ ነው፤ በ635 አሎፔን የተባለ መምህር ወንጌልን ይዞ ወደዚህች ከተማ መግባቱን ይተርካል። ለጥንታዊ ክርስትና ልጆች ይህ ድንጋይ ከማንኛውም የሱቅ ማቆሚያ ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ ነፃ ጊዜ ሲሰጥ በእግር ይሂዱ።

ጉይሊን፣ ከዚያም ሻንጋይ

ወደ ጉይሊን የሚኬደው በአብዛኛው በአውሮፕላን ነው። ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ በቻይና የአገር ውስጥ በረራ «3ሲ» የሚል የቻይና የደኅንነት ማረጋገጫ ምልክት የሌለው ፓወር ባንክ ይዞ መግባት ተከልክሏል፤ ፍተሻው ላይ ይወሰዳል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከሌላ አገር የተገዛው ምልክቱ እንዳለው ሳይመለከቱ አይያዙ።

በሊ ወንዝ ላይ የሚደረገው የመርከብ ጉዞ ወደ አራት ሰዓት ይፈጃል። ወንበሩ ታች ነው፣ ዕይታው ላይ ነው፤ መርከቡ እንደተነሣ ወደ ላይኛው ወለል ይውጡ። ምርጡ ክፍል ከያንግዲ እስከ ሺንግፒንግ ያለው ነው፤ ብዙ ሰው ምሳው የቀረበው በዚያው ሰዓት ስለሆነ ታች ተቀምጦ ያልፈዋል። ሺንግፒንግ ላይ የ20 ዩዋኑን ኖት ያውጡና ጀርባውን ከተራሮቹ ጋር ያስተያዩ። በክረምታቸው፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ ውኃው ስለሚጎድል ጉዞው ሊያጥር ይችላል። ጭጋግና ካፊያ ካለ አይዘኑ፤ ያ አገር በጭጋግ ውስጥ ነው የሚያምረው። በያንግሹዎ «የቀርከሃ ታንኳ» ሲሸጥልዎ የትኛው ወንዝ እንደሆነ ይጠይቁ። በሊ ወንዝ ላይ ያለው በአብዛኛው ሞተር የተገጠመለት የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ በዩሎንግ ወንዝ ላይ ያለው ግን እውነተኛ ቀርከሃ ነው፣ ቀዛፊው በእንጨት እየገፋ ያለ ድምፅ ይወስድዎታል። ለሁለተኛው ተጨማሪ መክፈል ያዋጣል።

ሻንጋይ ሁለት ሌሊት አይፈልግም። የወንዙ ዳር ሕንፃዎች ማታ፣ የዩ መናፈሻ ጠዋት፣ ያ ይበቃል። እንዲያውም ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ሰው ከጉይሊን በፈጣን ባቡር በሦስት ሰዓት ገደማ ጓንግጆ ገብቶ ከዚያ በኢትዮጵያ አየር መንገድ መብረር የተሻለ ነው፤ አንድ የአገር ውስጥ በረራ ይቀንሳል፣ የቆጠበውን ቀን ለቤጂንግ ይሰጣል። ወኪሉ ትኬቱን በቤጂንግ መግቢያ፣ በጓንግጆ መውጫ አድርጎ እንዲቆርጥ መጠየቅ ነው።

ጊዜ ሲመርጡ ሁለት ሳምንት ይሽሹ፦ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ፣ ማለትም ከመስከረም 21 እስከ 27 ያለውን፣ እና ከሜይ 1 እስከ 5፣ ማለትም ከሚያዝያ 23 እስከ 27 ያለውን። ቻይናውያን ራሳቸው አገራቸውን የሚጎበኙበት ወቅት ነው፤ ግንቡ ላይ መራመድ አይቻልም።

የስልክና የገንዘብ ጉዳይ ከመነሣትዎ በፊት ይጨርሱ። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ዩቲዩብና ጉግል በዋናው ቻይና ተዘግተዋል፤ የውጭ ሲም በሮሚንግ ሲሆን ግን ይሠራሉ። ለቡድኑ ዊቻት የተባለውን የቻይና የመልእክት መተግበሪያ ሁሉም ሰው በአገሩ ሳለ ይክፈት፤ እዚያ ደርሶ መክፈት ሌላ ተጠቃሚ እንዲያረጋግጥልዎ ሊጠይቅ ይችላል። አሊፔይ በተባለው የቻይና የክፍያ መተግበሪያ ላይ የውጭ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ማገናኘት ይቻላል፤ ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ክፍያ ኮሚሽን የለም፣ ከዚያ በላይ 3 በመቶ ይቆረጣል። ስለዚህ 350 ዩዋን የሚከፍሉ ከሆነ ሻጩ በሁለት ከፍሎ እንዲያስገባ ይጠይቁት። ካርድ ለሌለው ጥሬ ገንዘብ ይሠራል፣ ሻጭ አልቀበልም ማለት አይፈቀድለትም፤ ትናንሽ ሱቆች ግን መልስ ስለማይኖራቸው የ10 እና የ20 ዩዋን ኖቶች ይዘርዝሩ።